የዓሣ ጫጩት መልቀቅ ወይስ ወንዙን መክፈት?

ፒያሳ የዓሣ ጥብስ እየበላን (ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው) ጓደኛዬ «የዱር ሳልሞን ካለቀ አራብቶ መልቀቅ ነዋ!» አለኝ። (ሳልሞን ከባሕር ወደ ወንዝ ሽቅብ ወጥቶ እንቁላል የሚጥል ዓሣ ነው።) ጫጩት አስፈልፍሎ መልቀቅ ፈጣን ነው፣ አልክድም። ግን በገንዳ ያደገው ከዱሩ ጋር ሲዳቀል ዘሩን ያዳክመዋል፣ ለምግብም ይሻማዋል። ግድብ አፍርሶ ወንዙን መክፈት ደግሞ ውድ ነው፣ ዓመታትም ይፈጃል። ሆኖም አሜሪካ ውስጥ ክላማዝ ወንዝ ላይ አራት ግድቦች በ2024 እ.ኤ.አ. ፈርሰው ሲያልቁ ሳልሞኑ ከመቶ ዓመት በላይ ተዘግቶበት ወደነበረው ቦታ በሳምንታት ውስጥ ሽቅብ ወጣ፣ ያውም ማንም ሳይነዳው። እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ። የኛው የጣና ሐይቅ ባርበስ የተባለው ዓሣም በክረምት እንቁላል ሊጥል ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይወጣል። የወንዙ አፍ ላይ መረብ ተዘርግቶ ከጠበቀው፣ ጫጩት ብንለቅ ምን ዋጋ አለው?