አሮጌ ፕራዶ ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ የኮሶዬን ዳገት አስወጧት

ጎንደር ውስጥ ብር ይዛችሁ አሮጌ ፕራዶ የምታፈላልጉ ካላችሁ ይቺን አንብቡ። እኔ ተበልቻለሁ። እናንተ እንዳትበሉ ነው የምጽፈው።

መኪናዋ እንደ ፈረንጅ የ1997 ሞዴል ናት። ነጭ። ሞተሯ መካኒኮች «ዋን ኬዜድ» የሚሉት ባለ 3 ሺ ሲሲ ቱርቦ ናፍጣ ነው። ደላላው የተለመደውን ዘፈን ዘፈነልኝ። «ሞተሯ አልተነካም፣ የእርዳታ ድርጅት መኪና ነበረች፣ ከዚያ ዶክተር ነው የያዛት።» ዋጋዋ ደግሞ ካየኋቸው ሌሎች በ200 ሺ ብር ያንሳል። መንቃት የነበረብኝ እዚህ ላይ ነበር። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ጭራሽ ተከለከለ። በዚህ ዘመን ጤነኛ ፕራዶ በ200 ሺ ቀንሶ የሚሰጥ ሰው ወይ ዘመድ ነው፣ ወይ የሚያውቀው ነገር አለ። ሰውዬው ዘመዴ አይደለም።

ልንሞክራት ከደላላው ጋር ከቀኑ 8 ሰዓት ተቀጣጠርን። ሲመጣ ሞተሩ ሞቋል። ከፒያሳ ወደ አዘዞ ወረድን። ልብ በሉ፣ ወረድን ነው ያልኩት። ቁልቁለት የማይሄድ መኪና የለም። አዘዞ ማኪያቶ ጠጥተን ዋጋ ጨረስን። ስንመለስ «አንተ አረፍ በል፣ እኔ ልንዳ» ብሎ መሪውን ያዘ። ነዳጅ ሳይጫን፣ እያወራኝ፣ እያዘገመ ከተማ ገባን። ትህትና መስሎኝ ነበር። ከኋላ ሁለት ጀሪካን ውኃ አየሁ። «ለማጠቢያ ነው» አለኝ። መኪናዋ ግን ከጣሪያ እስከ ጎማ አቧራ ለብሳለች። አየሁት፣ ግን አላሰብኩበትም። ልቤ ቀድሞ ገዝቶ ነበር።

በሳምንቱ ለክርስትና ወደ ዳባት ጉዞ ጀመርን። እናቴ ከፊት፣ አክስቶቼ ከኋላ። ኮሶዬ ሳንደርስ መኪናዋ ጉልበት አጣች። የሙቀት ጌጁ መሀል ላይ ቆሞ ቆይቶ ድንገት ቀዩ ውስጥ ገባ። ኮፈኑን ስከፍት ውኃው እንደ ሽሮ ይንተከተካል። እናቴ ወርዳ አየችና «እንዴ ልጄ፣ ቡና ይዘን መምጣት ነበረብን» አለች። ክርስትናው አመለጠን።

መካኒኩ ገና ሳይፈታት ነገሩ ገባው። መጀመሪያ ቴርሞስታቱን ፈለገ፤ የለም። ሆን ተብሎ ወጥቷል። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃውን ከራዲያተሩ የሚያግድ በር ነው። ሲወጣ ውኃው ያለማቋረጥ ስለሚዞር ከተማ ውስጥ ጌጁ ዝቅ ብሎ ይቆያል። ገዢው ደስ ይለዋል። ዳገት ሲመጣ ግን ጉዱ ይወጣል። ራዲያተሩ ውስጥ ደግሞ መድፈኛ ማስቲሽ ተጨምሮበት ግማሹ ቱቦ ተዘግቷል። ቴስታታው፣ ማለት የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ሲወርድ በቫልቮቹ መካከል ተሰንጥቋል። የባሰው ነገር፣ ድሮም ተበይዶ ያውቃል። «ያልተነካው» ሞተር ማለት ይሄ ነው።

ይሄ የዋን ኬዜድ የታወቀ በሽታ ነው። ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ከታች ያለው ብሎክ ደግሞ ብረት ነው። ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም። ውኃ አንዴ ጎድሎ ከጋለ አሉሚኒየሙ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። የእኛ አገር ከፍታም አይረዳም። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ክፍት ውኃ እዚህ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ካልያዘ ውኃው ቶሎ ይፈላል ማለት ነው። ሞተሩን እየረገምኩት አይደለም። ውኃው ከተጠበቀ እድሜ ያለው ሞተር ነው።

አሁን ወደ ሚያመው። አዲስ ግን ኦሪጅናል ያልሆነ ቴስታታ 140 ሺ ብር። ሙሉ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ማሸጊያዎች) 16 ሺ። ራዲያተር 38 ሺ። የውኃ ፓምፕ፣ ቴርሞስታትና የታይሚንግ ቺንጋ አንድ ላይ 32 ሺ። ኖዝል ማስፈተሽና ቶርኖ ቤት 14 ሺ። የእጅ ዋጋ 45 ሺ፣ ማጓጓዣ 5 ሺ። ደምሩት፤ 290 ሺ ነው። ጓርኒሲዮኑ ብቻ ነው እዚህ የተገኘው፣ ሌላው ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ነው የመጣው። ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ዛሬ የሰማችሁት ዋጋ ነገ አይጠብቃችሁም። አምስት ሳምንት ጋራዥ ቆማለች።

ሻጩን ደወልኩለት። «ወንድሜ፣ ባለበት ሁኔታ አይተህ ነው የገዛኸው» አለኝ። ውሉን አወጣሁት። እውነቱን ነው፣ እንደዚያ ይላል፣ ፊርማውም የእኔ ነው። ከዚያ በኋላ ስልኩ አይነሳም።

ስለዚህ መኪና ስታዩ በጠዋት 12 ሰዓት ሰውዬው ቤት ድረስ ሂዱ። ሞተሩ ሳይነሳ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩ። ከሞቀ ቀድሞ አስነስቶታል፣ ሌላ ቀን ቅጠሩ። ከቀዘቀዘ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱና አስነሱት። የሞቀ ሞተር ላይ ክዳን እንዳትከፍቱ፣ ፊት ያቃጥላል። ውኃው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ እየፈላ ከወጣ የሞተሩ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውኃው እየገባ ነው፣ ሰላም ብላችሁ ተመለሱ። የላይኛው የራዲያተር ጎማ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ እንደ ድንጋይ ከጠነከረም ያው ነው። የዘይቱን መለኪያ ስታወጡ ዘይቱ ሻይ በወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። የጠዋት ነጭ ጭስ ትንሽ ቆይቶ መጥፋት አለበት። ይሄን ሁሉ ካለፈች የራሳችሁን መካኒክ ጭናችሁ ወደ ኮሶዬ ውጡ። በማግስቱ ተመልሳችሁ ውኃው መጉደሉን እዩ። ሻጩ «ምን ያደርጋል ይሄ ሁሉ» ካለ መልሳችሁን አግኝታችኋል።

አዲሱን ፕራዶ ልግዛ የምትሉም አላችሁ። እንደ ፈረንጅ ከ2000ዎቹ ወዲህ ያሉት ብዙዎቹ የተለየ ሞተር ነው ያላቸው፤ ቴስታታው እንዲህ አያስቸግርም። የእነሱ ጣጣ ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ኢንጀክተር ነው። ከኢንጀክተሩ ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ስታፈስ ጥላሸቱ ዘይቱ ውስጥ ገብቶ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል። ሞተሩ ዘይት ሲያጣ ከቴስታታ የከፋ ነገር ይመጣል።

ያው ደላላ ሰሞኑን ሌላ አረንጓዴ ፕራዶ ይዞ ሲያዞር አይቼዋለሁ። ከኋላዋ ጀሪካን ይኑር አይኑር አላጣራሁም። ልትገዟት ያሰባችሁ ካላችሁ ኮሶዬ ድረስ አብሬያችሁ እወጣለሁ። ነዳጁን ግን እናንተ ትችላላችሁ።