በእንግሊዝኛ «ዘ» ለምትቸገሩ፦ አርታኢያችንን እንጠቁማችሁ

የእንግሊዝኛ ጽሑፎቻችንን የምታርምልንን አርታኢ በአደባባይ ሳናመሰግን ቆይተናል። አርቲክል (ከስም በፊት የሚገቡትን «ዘ» እና «ኤ»ን) የሚያርም ሰው አይጠፋም፤ ሰርዞ ያልፋል። እሷ ግን ከሰረዘችው ጎን ምክንያቱን በአንድ መስመር ትጽፋለች፤ ያቺ መስመር ናት የምታስተምረው።

የበዓል ስሞችን እንይ። ክሪስማስ፣ ኢስተር፣ ታንክስጊቪንግ ብቻቸውን ሲቆሙ አርቲክል አይወስዱም። «ዘ ክሪስማስ ሆሊዴይስ» ሲባል «ዘ» የመጣው ለክሪስማስ ሳይሆን ለመጨረሻው የወል ስም ነው። «ዘ ፎርዝ ኦፍ ጁላይ» «ዘ»ን ያገኘው ከተራ ቁጥሩ ነው፤ ያንኑ ቀን «ኢንዲፔንደንስ ዴይ» ካላችሁት ይወድቃል። የአንድን ዓመት በዓል ነጥላችሁ ስታነሱ «ዘ ክሪስማስ ኦፍ 1914» ትላላችሁ። ካርድ ላይ «ሃፒ ኒው ይር» ያለ ምንም አርቲክል ይጻፋል፤ «ሃቭ» ከቀደመው ግን «ሃቭ ኤ ሃፒ ኒው ይር» ነው። ይቺን «ኤ» የማይረሳ ጥቂት ነው።

በበዓል ስም እንኳ ብዙ አንሳሳትም፤ «ገና ደረሰ» እንጂ «ገናው ደረሰ» አንልማ። የሚጥለን ወንዝ ነው። «ዓባይ» ላይ ምንም ስለማንጨምር «ናይል» ብለን ቁጭ እናደርገዋለን፤ እንግሊዝኛው «ዘ ናይል» ነው። ባሕር፣ ውቅያኖስና የተራራ ሰንሰለትም «ዘ» ይወስዳሉ። ማውንት ኬንያና ሌክ ቪክቶሪያ ግን አይወስዱም። «ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ» ያለ «ዘ»፣ «ዘ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ኦክስፎርድ» ከነ«ዘ»ው። በምህጻረ ቃልም ፊደል በፊደል የሚነበበው «ዘ ዩኤን» ሲሆን እንደ አንድ ቃል የሚነበበው «ኔቶ» ባዶውን ይሄዳል። የኔዘርላንድሷን ከተማ «ዘ ሄግ»ን ግን ከመሸምደድ ሌላ መላ የለውም።

ጽሑፍ ስትልኩላት አንባቢው ብሪታንያዊ ይሁን አሜሪካዊ አስቀድማችሁ ንገሯት፤ «ኢን ሆስፒታል» እና «ኢን ዘ ሆስፒታል» የሚለዩት እዚያ ላይ ነው። የምትጠቅሷቸው ተቋማት ስማቸውን ራሳቸው እንዴት እንደሚጽፉም አያይዙላት፤ ይህ ካልተላከ ሥራው በጥያቄ ምልልስ ይጓተታል። ፈጣን አይደለችም፤ ለነገ ጠዋት የሚደርስ ጽሑፍ ያለው ሌላ ሰው ቢፈልግ ይሻለዋል። ለመጽሐፍ፣ ለጥናትና ለማመልከቻ ደብዳቤ ግን ያለ ስጋት እንጠቁማታለን።

አድራሻዋን በውስጥ መስመር ለጠየቀ ፈቃዷን ጠይቀን እንሰጣለን።