«ካርቡሬተር እናጸዳለን» ብለው ታንኩ ውስጥ ጠርሙስ መድኃኒት አፍስሰው የሚሸኙ ጋራዦች አሉ፣ ተጠንቀቁ

ጀልባ ያላችሁ ሰዎች፣ በተለይ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ያለው ቱ ስትሮክ አውትቦርድ፣ ማለትም ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚገባለት፣ ጀልባው ኋላ የሚሰቀል ሞተር የምትነዱ፣ ይሄን ሳታነቡ ሞተራችሁን ለማንም እንዳትሰጡ። ቅድም ነው ሞተሬ ተፈቶ በዓይኔ ያየሁት፣ ንዴቱ ገና አልወጣልኝም፣ የተዘበራረቀ ነገር ካለ ይቅርታ።

ሞተሬ ብዙ ወር ቆሞ ነበር። ሲነሳ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጠው፣ አይቆምም፣ ጋዝ ስሰጠው ይንገዳገዳል፣ ትንሽ ይሄድና ኃይል ያጣል። የቆመ ሞተር እንዲህ ሲያደርግ ምን እንደሆነ ጀልባ የያዘ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ተንኖ ሄዶ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ትቶ ጄቶቹን፣ ቤንዚን የሚያልፍባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ ደፍኗቸዋል። ስለዚህ የሄድኩት የምፈልገውን አውቄ ነው። ካርቡሬተሮቹ ይውረዱ፣ ይፈቱ፣ ጄቶቹ ወጥተው ይታጠቡ፣ ጓርኒሲዮኑ (መሀል የሚገባው ማሸጊያ) ይቀየር አልኳቸው። የሚቀበለው ሰውዬ እየጻፈ «ምን ችግር አለ ጌታዬ፣ የኛ ሥራ እኮ ይሄው ነው፣ አዲስ አድርገን ነው የምንሰጥዎት» አለኝ። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ፣ ፊት ለፊት ንጹሕ ክፍል፣ መደርደሪያ ሙሉ የሚያብረቀርቅ የነዳጅ መድኃኒት ጠርሙስ፣ ሥራው የሚሠራበት ጓሮ ግን ደንበኛ መግባት ክልክል ነው፣ ሒሳብ ደግሞ ሙሉውን ቅድሚያ። ከፈልኩ።

ደውለው «አልቋል፣ ይምጡ» አሉኝ። ስደርስ ሞተሩ ማቆሚያው ላይ ተሰቅሎ፣ ውጪው ታጥቦ ተወልውሎ፣ ኮፈኑ ተገጥሞ ነው የጠበቀኝ። የማቀዝቀዣውን ውሃ ለቀው አስነሱት፣ ተነሳ። ጭሱ ከወትሮው በዛ እንጂ ሚኒሞ ላይም ቆመ። ሌላ ሰው ቢሆን አመስግኖ ይዞ ይሄድ ነበር። እኔ «ኮፈኑን ክፈቱልኝና ልየው» ስል አስነሺው ልጅ እጁን እየጠረገ ዞር ብሎ አለቃውን አየው። ያ አስተያየቱ አሁንም ፊቴ ላይ አለ። አለቃው ከወንበሩ ሳይነሳ «ምን ያደርግልሃል፣ ሞተሩ ሠርቷል አይደል?» አለኝ። ስከፍል «ጌታዬ» የነበርኩት ሰውዬ አሁን አንተ ሆኛለሁ። ራሴ መቆለፊያውን ፈትቼ ኮፈኑን አነሳሁት።

የካርቡሬተሮቹን ታችኛ ሳህን፣ ቤንዚን የሚጠራቀምበትን፣ የሚይዙት ቡሎኖች ራሳቸው ላይ ካቻቢቴ የሚገባበት ስንጥቅ አለ አይደል፣ እሱ ውስጥ ያለው አሮጌ ግራሶና አቧራ ተጋግሮ እንደደረቀ ነው። ሁሉም ላይ። አንዲት ጭረት እንኳ የለም። የፋብሪካው ቀለም ከቡሎኑ ራስ ወደ ሳህኑ እንደተያያዘ ነው፣ ቡሎኑ ሩብ ዙር ቢዞር እኮ ይሰነጠቅ ነበር። የጓርኒሲዮኑ ጠርዝ ያው የድሮው፣ የጠቆረውና የደረቀው። በጣቴ ዳሰስኩት፣ ዓይኔን አላመንኩትም። ከዛ የነዳጅ ታንኩን ክዳን ስከፍት የቤንዚን ያልሆነ ኃይለኛ የመድኃኒት ሽታ ፊቴ ላይ ወጣ። ባዶው ጠርሙስ ከማቆሚያው ሥር ባልዲ ውስጥ ተጥሏል፣ መደርደሪያው ላይ ለሽያጭ የተደረደረው ያው ራሱ ጠርሙስ።

«የታለ ያወረዳችሁት? የታለ የቀየራችሁት ጓርኒሲዮን?» ብዬ ጠየቅኩ። አለቃው ሳቀ። በቃ ሳቀብኝ። «ድሮ ነበር መፍታት፣ አሁን ሳይንሱ ተለውጧል፣ መድኃኒቱ ውስጥ ገብቶ ሁሉን ያጸዳል፣ አንተ መካኒክ ነህ እንዴ?» አለኝ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ ቆመው እያዩ። ገንዘቤን መልሱ ስል ደረሰኙን አውጥቶ አሳየኝ፣ «የነዳጅ ሲስተም ጽዳት» ይላል፣ «ይሄው አጸዳንልህ፣ ምን ጎደለህ?» አለ። እኔ ያልኩትን አንዱንም አልጻፉትም። ከዛ «ውሃ ላይ ወስደህ በደንብ ጋዝ ስጠው፣ የቀረውን ራሱ ጠርጎ ያወጣዋል» ብሎ ስልኩን ማየት ጀመረ፣ እኔ እዛው ቆሜ።

ከገንዘቡ በላይ ያናደደኝ ይሄ ምክሩ ነው። ቱ ስትሮክ ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነው፣ ብዙውን ጊዜ 50 ቤንዚን ለ1 ዘይት ትቀላቅላለህ፣ ቤንዚኑ ሲገባ ዘይቱም ይገባል። ዋናው ጄት ግማሹ ተደፍኖ ሙሉ ጋዝ ከሰጠኸው ያ ሲሊንደር ቤንዚንም ዘይትም ያንሰዋል፣ አየር በዝቶበት ይግላል፣ ፒስተኑ ይቀልጣል ወይ ከሲሊንደሩ ጋር ይነካከስና ቀጥ ይላል። የት? መሀል ውሃ ላይ፣ ልጆች አሳፍረህ። ይሄን የማያውቅ መካኒክ የለም። እያወቀ ነው «ጋዝ ስጠው» ያለኝ።

ሞተሩን ሳላስነሳ ጭኜ ወደ ሌላ መካኒክ ወሰድኩት፣ ፊቴ ፈታው። የመጀመሪያውን ሳህን ሲያወርድ ከታች ቡናማ ዝልግልግ ነገር፣ ጥግ ጥጉ ላይ ውሃ አልሙኒየሙን በልቶ የተወው ነጭ ዱቄት፣ መሀሉ ላይ ደግሞ የውሃ ጠብታዎች ክብ ክብ ብለው ይንከባለላሉ። ጄቱን አውጥቶ ወደ መብራት ከፍ አድርጎ «እየው» አለኝ። ቀዳዳው በደህናውም ጊዜ የመርፌ ጫፍ ነው የሚያህለው፣ ብርሃን ግን ጭራሽ አያሳልፍም። የሌላኛው ካርቡሬተር ጄት ደግሞ ከዳር ትንሽ ጭላንጭል አለው። ሚኒሞ ላይ እንዴት ቆመ ስለው፣ የሚኒሞው መስመር ሌላ ነው፣ መድኃኒቱ እሱን ትንሽ ከፍቶት ይሆናል፣ ደግሞ የሚኒሞዋን ቡሎን አዙረው ከፍ አድርገዋታል አለኝ። እሷ ላይ አዲስ የካቻቢቴ ጭረት አለ። ከሞተሩ ሁሉ የነኩት እሷን ብቻ ነው።

መድኃኒት ሁሉ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም፣ እንዳትሳሳቱብኝ። ፒኢኤ የሚባለው ማጽጃ፣ ማለትም ፖሊኤተርአሚን ያለበት ጥሩ አዲቲቭ (ቤንዚን ላይ የሚጨመር መድኃኒት)፣ በሚሠራ ሞተር ላይ ኢንጀክተርና (ቤንዚን የሚረጨው ዕቃ) ፒስተን ራስ ላይ የተጋገረ ካርቦን ቀስ በቀስ ያነሳል። ቤንዚን ቆሞ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ስታቢላይዘርም ሞተሩ ከመቆሙ በፊት አዲስ ቤንዚን ላይ ከተጨመረና መድኃኒቱ ካርቡሬተሩ ድረስ እስኪገባ ትንሽ ከተነዳ ይጠቅማል። ግን መድኃኒት የሚሠራው ቤንዚኑ በሚያልፍበት ቦታ ነው። የተደፈነ ጄት ውስጥ ቤንዚን አያልፍም፣ ቤንዚን ካላለፈ መድኃኒቱ በምን በኩል ይደርሳል? የተዘጋ ቧንቧ ላይ ከላይ ሳሙና እንደማፍሰስ ነው። የተበላሸ ቤንዚንም በመድኃኒት አይመለስም። 10 በመቶ ኢታኖል (አልኮል) ያለው ቤንዚን ውሃ ይስባል፣ ውሃው ወደ ግማሽ በመቶ ሲጠጋ ኢታኖሉ ከውሃው ጋር ተለይቶ ታች ይወርዳል፣ ሞተሩ የሚስበው ደግሞ ከታች ነው። አንዴ ከተለየ ምንም ጠርሙስ ወደ ደህና ቤንዚን አይመልሰውም፣ ታንኩ ተራግፎ ይጸዳል እንጂ። ሌላው ሰው የማያስበው ነገር ደግሞ ኃይለኛ ማጽጃ አሮጌ ታንክ ውስጥ ሲፈስ የተኛውን ቆሻሻ ሁሉ ቀስቅሶ ወደ ፊልትሮ፣ ወደ ቤንዚን ማጣሪያው፣ ይልከዋል። የኔ ፊልትሮ ተከፍቶ ሲታይ ጥቁር ጭቃ ሞልቶታል፣ ለነሱ ከመስጠቴ በፊት የቀየርኩት አዲስ ፊልትሮ ነው።

አሁን ሁለተኛ ከፍያለሁ፣ ታንክ ሙሉ ቤንዚን ከነመድኃኒቱ ተራግፎ ወጥቷል፣ አዲስ ፊልትሮ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን። የመጀመሪያዎቹ ጋ ስደውል ስሜን ሲሰሙ ይዘጋሉ። ዛሬ በሌላ ስልክ ስደውል ሴትየዋ አንስታ «አለቃችን እሱ ሰውዬ ነገር ፈላጊ ነው ብሏል» አለችኝ። ገንዘቤን በልተው እኔ ነገር ፈላጊ ሆንኩ። የቡሎኖቹንም የባዶውን ጠርሙስም ፎቶ አንስቻለሁ፣ እስከ መጨረሻው እሄድበታለሁ።

እናንተ ምን አድርጉ፣ ሞተር ከመስጠታችሁ በፊት «ካርቡሬተር ወርዶ፣ ጄት ወጥቶ ይታጠባል፣ ጓርኒሲዮን ይቀየራል» የሚለውን ደረሰኙ ላይ ቃል በቃል አስጽፉ፣ የተቀየረው አሮጌ ዕቃ እንዲሰጣችሁ ንገሯቸው፣ ቡሎኖቹን በስልክ ፎቶ አንሱ። ስትረከቡ ኮፈኑ ሳይከፈት እንዳትቀበሉ። እንዲህ ያለ ቤት ሰሞኑን አሠርታችሁ «ጸድቷል» የተባላችሁ ካላችሁ ደግሞ ሙሉ ጋዝ ሳትሰጡት ዛሬውኑ ከፍታችሁ እዩት፣ ቀለሙ ካልተነካ አልተፈታም።