ከባድ ተሳቢ ለመጎተት፦ ናፍጣ ወይስ ቤንዚን?

ከባድ ተሳቢ የሚጎትት ፒክአፕ ሲመረጥ ልዩነቱ ዳገት ላይ ይታያል። ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው የናፍጣ ሞተር ገና በደቂቃ 1,800 ዙር አካባቢ ጉልበቱን ይሰጣል። ብዙ ሳይጮህ ይወጣል። ቱርቦ የሌለው ቤንዚን ግን ማርሽ ቀንሶ፣ ዙሩ 4,000 አልፎ እየጮኸ ነው የሚወጣው። መውጣቱን ይወጣል፤ ነዳጁን ግን ይጠጣዋል።

ለእኔ ከዳገቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው። ብዙ ትልልቅ የናፍጣ ፒክአፖች ጭሱን አፍኖ ሞተሩን የሚይዝ ፍሬን አላቸው። የእግር ፍሬኑ ያርፋል። በቤንዚኑ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ መቀነስ ግድ ነው። ፍሬን ላይ ተኝተው ከወረዱ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ይመጣል፤ ከዚያ ፔዳሉ ይለሰልሳል፣ ፍሬኑም በደንብ አይዝም። ይሄ ቀልድ አይደለም።

ቤንዚኑ በግዢም በጥገናም አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል። በዓመት ሁለት ሦስቴ ለሚጎትት ሰው ይበቃዋል። በየሳምንቱ 4 ቶን ለሚጎትት ግን ናፍጣ ይሻላል።