በእጅ አንጓ የሚታሰረው መቆጣጠሪያ አንባር፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

በቨርጂኒያ ግዛት አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው የምኖረው፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጬ ሰነድ እተረጉማለሁ። የቀኝ እጄ አንጓ ከማውስ ብዛት መታመም ሲጀምር ሥራውን ለሁለቱም እጆቼ ማካፈል ግድ ሆነብኝ። ካለፈው መስከረም ጀምሮ የምጠቀምበትን፣ የጣት እንቅስቃሴን አንብቦ ለኮምፒዩተር፣ ለስልክና ለቴሌቪዥን በብሉቱዝ ትእዛዝ የሚልከውን አንባር የገዛሁት ለዚሁ ነው። የአምራቹን ስም ከማስተዋወቅ የዕቃውን ጠባይ ማስረዳት ለገዢ የበለጠ ይጠቅማል ብዬ ስለማምን በዚያው ላይ አተኩራለሁ። እስካሁን ባየሁት ማውስን አይተካም፤ ጥቂት ትእዛዝ ብቻ ለሚበቃው ሥራ ግን በየቀኑ የምፈልገው ዕቃ ሆኗል።

ሐሳቡ ከተጀመረ ቆይቷል። በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት የነበረው ታልሚክ ላብስ የተባለ ኩባንያ ማዮ የተባለውን የክንድ መቆጣጠሪያ በ199 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ስምንት የጡንቻ ሴንሰሮች ነበሩት፣ የሚለያቸው የእጅ ምልክቶችም አምስት ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ሽያጩ ቆመ። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ እ.ኤ.አ. በ2025 ማሳያ ካለው መነጽሩ ጋር ያወጣው አንባርም የሚሠራው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ጣት እንዲታጠፍ አንጎል ሲያዝ መልእክቱ በነርቭ በኩል ክንድ ላይ ወዳሉት ጡንቻዎች ይደርሳል፤ ጡንቻው ሲኮማተር በቆዳ ላይ ከጥቂት ሚሊቮልት የማይበልጥ የኤሌክትሪክ ለውጥ ይፈጠራል፤ የእኔም አንባር የሚያነበው ይህንን ነው። እጅ ወዴት እንደዞረ የሚለየው ደግሞ እንደ ስልኮቻችን ሁሉ በውስጡ ባለው የእንቅስቃሴ ሴንሰር ነው። ካሜራ ስለማያስፈልገው እጅን አየር ላይ ማንሳት የለብኝም፤ ጉልበቴ ላይ አሳርፌው፣ ወይም በብርድ ልብስ ሥር ሆኖ እንኳ ይሠራል። ክንድ ለታከተው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መጀመሪያ ያሰርኩት በቀኝ እጄ ነበር። እንጀራ በሚበላበት ቤት ግን ይህ የሚያስቸግር ሆኖ አገኘሁት። «ምረጥ» የሚለው ትእዛዝ አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን ማገናኘት ነው፤ እንጀራ ቆርሶ ወጥ ለመጠቅለል የምናደርገውም ያንኑ ነው። ሁለቱን ጣቶች እንደያዙ አንጓን ማዞር ድምፅ ይጨምራል፤ ጉርሻ ይዞ ወደ ጎረቤት መዞርም ለአንባሩ ከዚያ የተለየ አይደለም። በእራት ሰዓት ዜናው በየጉርሻው እየቆመ ይቀጥላል፤ አንድ ሰው ሳጎርስ ድምፁ ከፍ ይላል። ይህን ሠሪዎቹ ሊያስቡት ይገባል፤ በእጁ የሚበላው ሕዝብ ቁጥሩ ብዙ ነው፤ የሦስት ጣት አያያዝን ከሁለት ጣት አያያዝ መለየት የሚችል ቅንብር ቢጨምሩ ችግሩ በእጅጉ ይቀንሳል። እኔ ወደ ግራ እጄ አዛውሬ ልኬቱን፣ ማለትም የጣቶቼን ምልክት የሚለይበትን፣ እንደገና አስተማርኩት፤ የመሃል ጣትን ሁለት ጊዜ ካልነኩ ምንም ትእዛዝ እንዳይቀበል የሚያደርገውን መቆለፊያም ከዚያ ወዲህ አጥፍቼው አላውቅም።

በሥራ ጠረጴዛ ላይ ያለው ጥቅም ጠባብ ነው፤ በጠባቡ ቦታ ግን ጥሩ ነው። በቀኝ እጄ የታተመ ሰነድ ይዤ በግራዬ ስክሪኑን ወደ ታች ማውረድ፣ የቀዳሁትን ቃለ ምልልስ ማቆምና ማስቀጠል፣ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው መሻገር ያለ ችግር ይሄዳል። ጠቋሚውን በሁለት ፊደሎች መካከል ማሳረፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ የተሳሳተ «ሰ» ልቆርጥ ስል ጠቋሚው ያልፈዋል፤ ስመልሰው ወደ ላይኛው መስመር ይዘላል፤ ጣቶቼን ሳገናኝ ራሱ አንጓዬ ስለሚነቃነቅ ከያዝኩት ቦታ ይንሸራተታል። ለእርማት ሥራ አሁንም ማውሱን ነው የማነሳው።

ከእኔ ይልቅ የተጠቀሙበት እናቴ ናቸው። የጣታቸው መገጣጠሚያ ስለሚያማቸው የሪሞቱ ጥቃቅን ቁልፎች ይቸግሯቸዋል፤ ሳሎን ያለው የድምፅ ረዳት ደግሞ አማርኛ አይሰማም። «ልጄ፣ ይኼኛው እንኳ ቋንቋ አይጠይቀኝም» ያሉኝ ጡጫ ጨብጠው በመፍታት ድራማውን ማቆም የቻሉ ዕለት ነው። የሚጠቀሙት ሁለት ምልክት ብቻ ነው፤ ጣት ማገናኘቱ ስለሚያማቸው «ምረጥ»ን በጡጫ ተክቼላቸዋለሁ። አንባሩ በእርሳቸው ቀጭን አንጓ ላይ ጠበቅ ካላለ ምልክቱን ይስታል፤ ጠበቅ ሲል ደግሞ ቆዳቸው ላይ ምልክት ስለሚተው ድራማው እንዳለቀ ያወልቁታል። በብርዱ ወራት ማሞቂያው የቤቱን አየር ሲያደርቀው ለሁለታችንም ማንበብ ያዳግተው ነበር፤ ቆዳን በውኃ ትንሽ ማርጠብና ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይፈታዋል።

የቤት ዕቃዎችን በተመለከተ ብዙ አልልም። ብሉቱዝ ያለው ቴሌቪዥን ወዲያው ይቀበለዋል፤ በኢንፍራሬድ ሪሞት ብቻ የሚሠራ አሮጌ ቴሌቪዥን ግን መሃል ላይ ሌላ አስተላላፊ መሣሪያ ይፈልጋል። አምፑል ማብራት በስልክ በኩል ስለሚዞር ይዘገያል፤ ተነስቶ ማብሪያውን መጫን ይፈጥናል። በአንድ ጊዜ የሚገናኘው ከአንድ ዕቃ ጋር ብቻ ስለሆነ ከኮምፒዩተር ወደ ቴሌቪዥን ባዛወርኩት ቁጥር የሚባክነው ጊዜ ያናድደኛል። ባትሪው ሁለት ቀን ያህል ይቆያል፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም።

የሚያሳስበኝ አንባሩ የሚቀናበርበት መተግበሪያ ነው። ልኬቱን እንደገና ለማስተማር አካውንትና ኢንተርኔት ይጠይቃል፤ ማሰሪያው ሲሰነጠቅ ለላክሁት ጥያቄም መልስ ያገኘሁት ከሳምንታት በኋላ ነው። የማዮን መጨረሻ ለሚያውቅ ገዢ ዋናው ጥያቄ አምራቹ ሥራውን ቢያቆም አንባሩ ምን ይሆናል የሚለው ነው። የእኔን መተግበሪያውን አጥፍቼ ሞክሬዋለሁ፤ ማንኛውም ኮምፒዩተር እንደ ተራ የብሉቱዝ ማውስ ያውቀዋል፤ መጨረሻ የተጫነው ቅንብርም ውስጡ ይቀራል። የእናቴን ጡጫ ግን ያለ መተግበሪያው አዲስ አንባር ላይ መጫን አይቻልም።