«ባትሪ ብቻ ነው የጎደላት» ተብላ የምትሸጥ ስፖርት መኪና፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

አሜሪካ ያላችሁ መኪና ወዳዶች፣ ይህች ማስታወቂያ ሳትገጥማችሁ አትቀርም። ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ የሾለ ስፖርት መኪና፣ ዋጋዋ ከአሮጌ ኮሮላ የማይበልጥ። ከሥሯም እንዲህ ይላል፦ «15 ዓመት ጋራዥ ውስጥ የተቀመጠች፣ ሞተሯ ይዞራል፣ ባትሪ ብቻ ነው የጎደላት»። ባትሪ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሻጩ ራሱ ገዝቶ በእጥፍ ይሸጣት ነበር።

ይህች ገዢው ራሱ የሚገጣጥማት «ኪት መኪና» ናት። ከላይ የሚታየው አካል ፋይበርግላስ ነው። ሻንሲው፣ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ፍሬኑ ደግሞ የአሮጌ ቮልስ። በ1970ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ሚኒሶታ ትሠራ እንደነበረችው ብራድሊ ጂቲ ያሉት አካላት ተነጣጥለው ይሸጡ ነበር። ገዢው የቮልሱን ላሜራ አውልቆ ፋይበሩን ሻንሲው ላይ ያስራል። አንዱ በጥንቃቄ ገጥሟል፣ ሌላው ቅዳሜ ከሰዓት ቢራ እየጠጣ ገጥሟል፤ ቀለሙ ላይ ልዩነቱ አይታይም። አዲስ አበባ ቮልስ ሲፈታ እያየ ያደገ ሰው «እሷንማ አውቃታለሁ» ብሎ ይዘናጋል። ሞተሯን ታውቋት ይሆናል፤ መኪናዋን የገጠማት ሰው ግን ፋብሪካ አይደለም፣ ስሙም የትም አልተጻፈም።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ሞተሩ ሳይሆን ቁጥሩ ነው። የቮልስ ሻንሲ ቁጥር ከኋላ፣ የቀድሞው የኋላ መቀመጫ በነበረበት ቦታ፣ ወለሉን መሀል ለመሀል በሚያልፈው ጉብታ ላይ ተመትቷል። ኪት መኪና ላይ ብዙ ጊዜ ምንጣፍ ተለጥፎበታል ወይም ፋይበር ፈስሶበታል፤ ይገለጥ በሉ። ከ1965 እስከ 1979 ባሉት ሞዴሎች ሦስተኛዋ አሃዝ የሞዴሉን ዓመት የመጨረሻ አሃዝ ትናገራለች። በ118 የሚጀምር ቁጥር የ1968 ቮልስ ነው። ሊብሬው ላይ 1977 ተጽፎ ሻንሲው 118 ካለ፣ ወይ ወረቀቱ የሌላ መኪና ነው፣ ወይ የተጻፈው ኪቱ የተገጠመበት ዓመት ነው። ስቴቱ አዲስ ቁጥር ሰጥቷታል ከተባለም ቁጥሩ የተመታበት የስቴቱ ሳህን መኪናዋ ላይ መኖር አለበት፤ ካልታየ የለም ማለት ነው። «ሊብሬው ጠፍቶብኝ ነው፣ የሽያጭ ወረቀት እጽፍልሃለሁ» የሚል ሻጭ ጋራ አትከራከሩ፣ ሂዱ። የሽያጭ ወረቀት ሊብሬ አይሆንም። ካሊፎርኒያ ለተገጣጠሙ መኪኖች ከጭስ ደንቡ ፋታ የሚሰጥ የምስክር ወረቀት አላት፤ ግን በዓመት ለ500 መኪኖች ብቻ ነው። የተበላሸ ሞተር በገንዘብ ይድናል፤ የተበላሸ ወረቀት ግን አንዳንዴ በምንም አይድንም።

ቁጥሩ ከተስማማ ወደ ሞተሩ እለፉ። ሻጩ «ላስነሳላችሁ?» ቢል፣ አይሆንም በሉት። ለዓመታት የቆመ ሲሊንደር ደርቋል፣ የቤንዚን ቱቦው ተሰነጣጥቋል፣ ማራገቢያው ውስጥ አይጥ ቤት ሠርታ ይሆናል። ሳይነሳ የሚታይ ነገር አለ። ታች ያለችውን የሞተር ፑሌጃ (ቺንጊያ የሚዞርባትን ክብ ብረት) በሁለት እጅ ጨብጣችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡ፣ መልሳችሁ ግፉ። ትክክለኛው ክፍተት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ስለሆነ በዓይን አይታይም። «ቋ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ የሞተሩ ቤት ተበልቷል። ሞተሩ ሙሉ ለሙሉ ይከፈታል ማለት ነው፤ ዘይት ቢቀየር፣ ካንዴላ ቢቀየር አይረዳም።

ቀጥሎ በሞተሩ ዙሪያ ያሉትን ላሜራዎች ቁጠሩ። ቮልስ በውሃ ሳይሆን በአየር ነው የሚቀዘቅዘው። ማራገቢያው ቀዝቃዛ አየር ከላይ ስቦ በሲሊንደሮቹ መሀል አሳልፎ ወደ ታች ይተፋዋል። ላይኛውን ከታችኛው የሚለዩት እነዚያ ላሜራዎችና በዙሪያቸው ያለው ጎሚኒ ናቸው። ኪት ገጣሚዎች ግን ቦታ ሲጠባቸው፣ ወይም ክሮም የተቀባ ነገር ሲያምራቸው፣ አውጥተው ይጥሏቸዋል። ያን ጊዜ ሞተሩ የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ቆማ ስትሠራ ምንም አይታወቅም፤ አውራ ጎዳና ላይ ግን ትግላለች፣ መጀመሪያ የሚቃጠለውም አብዛኛውን ጊዜ የሦስተኛው ሲሊንደር ቫልቮላ ነው። ለመሞከር ግቢ ውስጥ ዞር ዞር ያላት ገዢ የማያየው ጉድለት ይህ ነው።

የማስነሳቱ ሥራ ከተገዛች በኋላ፣ በራሳችሁ ጊዜ የሚደረግ ነው። አራቱን ካንዴላ አውጡ፣ በየሲሊንደሩ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት አፍስሱና አሳድሩት። በማግስቱ የዲናሞውን ፑሌጃ በ21 ቁልፍ ይዛችሁ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ፤ ከያዘ አታስገድዱት። ዘይቱን ቀይሩ። የሚይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ ከወንፊት በቀር ፊልትሮም የለውም፤ ወንፊቱን አውጥታችሁ አጽዱ፣ የብረት ብናኝ ካለበትም አሁኑኑ እወቁት። የቫልቮላ ክፍተት፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ፣ 0.15 ሚሊሜትር። ካንዴላ ሳይገባ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ አዙሩ፤ ከዚያ በፊት እሳት አይሰጠውም።

ቤንዚን ላይ ግን ቀልድ የለም። የቮልስ ሰልባቲዮ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ነው። ቤንዚኑ በጉብታው ውስጥ በሚያልፍ የብረት ቱቦ ይመጣል፣ በሁለቱም ጫፍ በጎማ ቱቦ ይያያዛል፤ ከፖምፓ ወደ ካርቡራቶር የሚሄደውም ጎማ ነው። አሜሪካ የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው 10 ከመቶ ኢታኖል አለበት፤ ኢታኖል ውሃ ይስባል፣ የድሮን ጎማም ይበላል። ሰልባቲዮውን ከፍታችሁ አሽትቱ። ቀለም ቀለም ከሸተተ ቤንዚኑ ተበላሽቷል፤ ሰልባቲዮው ወርዶ ይታጠባል፣ ካርቡራቶሩም ይፈታል። የጎማ ቱቦ በሙሉ ይለወጥ፦ የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊሜትር፣ ላዩ ላይ «ጄ30አር9» የተጻፈበት፣ በሁለቱም ጫፍ በማሰሪያ የታሰረ። ፕላስቲክ ፊልትሮ ከሞተሩ በላይ ተንጠልጥሎ ካያችሁ ከዚያ አንሱት። ካርቡራቶሩ ላይ ቤንዚን የሚያስገባውን የነሐስ ቱቦ በጣት ነቅንቁ፤ ከተንቀሳቀሰ አንድ ቀን ወልቆ ቤንዚኑን የጋለ ሞተር ላይ ይረጫል። የሞተሩ ቤት የማግኒዥየም ቅይጥ ነው፤ ማግኒዥየም ከተያያዘ ውሃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ከላዩ ያለው ፋይበርም ማገዶ ነው።

ፍሬኑን «ይይዛል» ስላሉ አትመኑ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ እርጥበቱም የፍሬን ሲሊንደሮቹን ከውስጥ ያዝጋል። ጎማ ቱቦው ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ አብጦ ይዘጋል፤ ስትረግጡ ግፊቱ ያልፋል፣ ስትለቁ ግን አይመለስም፣ ጎማው እንደተያዘ ይቀራል። አራቱም ታምቡር ከሆነ የሚገዛው ይህ ነው፦ አንድ ማስተር (ፔዳሉ የሚገፋው ዋናው የፍሬን ሲሊንደር)፣ በየጎማው የሚገባ አራት የፍሬን ሲሊንደር፣ አራት ጎማ ቱቦ፣ አንድ ሊትር ዶት 4 ዘይት። ሲሊኮን የሆነውን ዶት 5 ከሌላው ጋራ አትቀላቅሉ። አየር ስታስወጡ ከማስተሩ ከሚርቀው ጀምሩ፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። ፔዳሉ መግፋት ከመጀመሩ በፊት ከ5 እስከ 7 ሚሊሜትር ባዶ መሄድ አለበት፤ ካልሄደ ዘይቱ ወደ ማስተሩ አይመለስም፣ ፍሬኑ እየጋለ ራሱን ይይዛል። ሻንሲው ከ1967 በፊት የነበረ ከሆነ ደግሞ ፍሬኑ ባለ አንድ መስመር ነው፦ አንዱ ቱቦ ሲፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል።

የኋላውን ጎማ የሚይዘው ባለ 36 ሚሊሜትር ዳዶ ብዙ ሰው የሚስተው ነው። የሚጠበቀው በ294 ኒውተን ሜትር፣ ማለትም በ217 ፉት ፓውንድ ነው፤ ያንን ያህል ተራ ቁልፍ አያጠብቅም። ዳዶው እንዳይላላ የሚያልፍበት ሽቦ ቀዳዳው ካልገጠመ የበለጠ ይጠበቃል እንጂ አይላላም። ላልቶ የከረመ ታምቡር የውስጥ ጥርሱ ይበላል፣ በመጨረሻም አክሱ ለብቻው ይዞራል።

ጎማው «አዲስ ነው፣ ጥርሱ አላለቀም» ይባላል። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ቀጥሎ የመጨረሻዎቹን አሃዞች አንብቡ፦ 2309 ማለት የ2009 23ኛ ሳምንት ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ከሆነ ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ምንም ቢያምር ይጣል።

ኤሌክትሪኩ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ፋይበር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ላሜራ መኪና ላይ መብራቱ ኔጌቲቩን ከአካሉ ያገኛል፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ መብራት የራሱ ኔጌቲቭ ሽቦ ያስፈልገዋል። ፍሬቻ ስታበሩ የፊት መብራቱ አብሮ ቢጠቅስ አምፖል አትግዙ፤ የኔጌቲቭ ማያያዣዎቹን ፈትታችሁ አጽዱ። የፊት መስተዋቱ ጥግ ላይ «ኤኤስ1» የሚል ምልክት ከሌለ ቦሎ መርማሪው ይመልሳችኋል፤ የኪቱ ኩባንያ ከተዘጋ ደግሞ ልኩን የሚሸጥላችሁ የለም። ቨርጂኒያ ይህ ምርመራ በየዓመቱ ነው፣ ሜሪላንድ ያገለገለ መኪና ባለቤት ሲቀይር ይጠየቃል።

ስትደራደሩ ጎማ የሆነውን ነገር ሁሉ ዜሮ ቁጠሩት፣ ሞተሩን እንደ ቁርጥራጭ ብረት ቁጠሩት፤ የምትከፍሉት ለአካሉና ለንጹሕ ወረቀቱ ነው። «አድሼ ሀገር ቤት እልካታለሁ» የምትሉም ካላችሁ፣ ኢትዮጵያ በራሷ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ስለከለከለች ያንን ሂሳብ ከወዲሁ ሰርዙት።

ከተስማማችሁም «ቅርብ ነው» ብላችሁ ነድታችሁ አትውሰዷት። አራቱንም ጎማ ከመሬት በሚያነሣ የጭነት መኪና አስጭኗት፤ ስትጎትቷት የተያዘ ፍሬን መንገድ ላይ ታምቡሩን ያቃጥለዋል።