የመንዝ ሱፍ፣ አክሪሊክ ወይስ ጥጥ? ክር ከመግዛታችሁ በፊት

በእጅ የተፈተለ የመንዝ በግ ጠጉር፣ የፋብሪካ አክሪሊክ (ሰው ሠራሽ ክር) እና የጥጥ ፈትል በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብዙ ሰው የሚያነሳው ቀለሙ ዓይኑን የሳበውን ነው። ቀለም ግን መጨረሻ ላይ የሚታይ ነገር ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ክሩ ሥራ ላይ ሲውል የሚነካው ገላ ነው፣ ልብስ ነው ወይስ ወለል የሚለው ነው። ይህ ከተመለሰ ግማሹ ምርጫ አልቋል።

(ሱቅ ገብታችሁ «ሱፍ አለ?» ስትሉ የሱፍ ፍሬ የሚያወጣላችሁ ባለሱቅ አይጠፋም። «የበግ ጠጉር ክር» ማለት ይሻላል።)

ገላ፣ ልብስ ወይስ ወለል

የመንዝ በግ ጠጉር ሁለት ዓይነት ነው። ከላይ ረጅምና ሸካራ፣ ከሥሩ አጭርና ለስላሳ። እንዝርት ላይ ሁለቱ አብረው ስለሚፈተሉ ክሩ ሸካራ ይሆናል። ውፍረቱ ከ30 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺሕኛ) ያለፈ ጠጉር ቆዳ ሲነካ አይታጠፍም፣ ይወጋል። የሚያሳክከው አለርጂ ሆኖ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ መውጋት ነው፤ ስለዚህ ማጠብም ሆነ ማለስለሻ ብዙም አይለውጠውም። ለሕፃን ኮፍያ፣ ለአንገት ልብስ፣ ለውስጥ ሹራብ ይህን ክር አትግዙ። ለምንጣፍ፣ ለትራስ ልብስ፣ ለቦርሳ፣ ለግድግዳ ጌጥና ከልብስ በላይ ለሚደረብ ካባ ግን እንደ እሱ የሚሆን ክር አይገኝም፤ በአክሪሊክ ምንጣፍ ላይ ዓመት ተረግጦ የሚተኛው የምንጣፍ ጠጉር በሱፉ ላይ ተመልሶ ይቆማል። የሱፍ ካባው በርኖስም ቢሆን ከልብስ በላይ የሚለበስ እንጂ ራቁት ገላ ላይ የሚጣል አልነበረም።

በደብረ ብርሃንና በአመድ ጓያ ማራቢያ ማዕከላት የውጭ ዝርያ ከሆነው ከአዋሲ በግ ጋር የተዳቀሉ በጎች ጠጉር ደግሞ አለ። አዋሲ ሰውነቱ ነጭ ስለሆነ የዲቃላው ጠጉር ነጣ ካለ ቀለም ለመቀበል ይመቻል። ነገር ግን አዋሲም የምንጣፍ ሱፍ የሚሰጥ በግ ነው። «ዲቃላ ስለሆነ ለስላሳ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ክሩን አንገታችሁ ሥር ለሁለት ደቂቃ አድርጉት። በመዳፍ አትፈትኑ፤ የመዳፍ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ሁሉም ነገር ይለሰልስለታል። እንደ ጥጥ የለሰለሰ «የአገር ውስጥ ሱፍ» ካያችሁ ወይ ከውጭ የመጣ ሜሪኖ (የለስላሳ ጠጉር በግ ሱፍ) ነው፣ ወይ አክሪሊክ ነው።

አክሪሊክ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ብል አይበላውም፣ በማሽን ይታጠባል፣ ተማሪ በየሳምንቱ ለሚያቆሽሸው ሹራብም ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው። ጉድለቱ እሳት ላይ ነው። ይቀልጣል፣ ቀልጦም ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ ስለዚህ የድስት መያዣና ከሰል ምድጃ አጠገብ የሚለበስ ነገር በአክሪሊክ አይሠራም። ትኩስ ካውያም አንዴ ከነካው መለጠጡን ትቶ ይዝላል፣ ከዚያ በኋላ አይመለስም።

ጥጥ ለገላ ይስማማል፣ እርጥብ ሲሆን ደግሞ ይጠነክራል። ግን አይለጠጥም፣ ከባድም ነው፤ የጥጥ ሹራብ ሲለበስ እየረዘመ ይሄዳል። ለምንጣፍ ሸማኔ የምንመክረው ሁለቱን ማጣመር ነው፦ ድሩ የተገመደ ጥጥ፣ ማጉ የመንዝ ሱፍ። ጥጡ ውጥረቱን ይችላል፣ ሱፉ እርግጫውን።

ልቃቂቱን አንሥታችሁ ስታዩ

አንድ ክንድ ያህል ክር ምዘዙና ሁለቱን ጫፍ አቀራርቡ። ክሩ ልቅ ብሎ እንደ ዥዋዥዌ ገመድ ከተንጠለጠለ ሚዛኑን የጠበቀ ነው። ወዲያው ተጠማዝዞ ከተቋጠረ እሽክርክሪቱ በዝቷል፤ በዚህ ክር የተሠራ ሹራብ ጎኑ ወደ አንድ በኩል ይጣመማል። በተቃራኒው ቀስ ብላችሁ ስትስቡት ሳይበጠስ እየተንሸራተተ ከተለያየ እሽክርክሪቱ አንሷል፤ ይህ ደግሞ ድር ሆኖ ሲወጠር ይለያያል። በዛ ያለው ለብ ባለ ውኃ ተነክሮ፣ ታች ቀላል ክብደት ታስሮበት ከደረቀ በመጠኑ ይረጋል። ያነሰው ግን እንደገና ካልተፈተለ መድኃኒት የለውም።

ነጠላ ክር ለማግ በቂ ነው። በኪሮሽ ወይም በሹራብ መርፌ ለሚሠራ ግን ሁለት ነጠላ ክር ከተፈተሉበት አቅጣጫ በተቃራኒ ተገምዶ የተሠራውን ጠይቁ። ጫፉን ፈታ አድርጋችሁ ብትቆጥሩ ሁለት መሆኑ ይታያል። የእጅ ፈትል ጥቂት ቀጭንና ወፍራም ቢኖረው ነውር አይደለም፤ ቀጭኑ ቦታ የወፍራሙን ሲሶ ካከለ ግን እዚያው ይበጠሳል።

የፋብሪካ ቱባ ላይ ርዝመቱ ተጽፏል፣ ልቃቂት ላይ አይጻፍም። ስለዚህ 20 ሜትር ለክታችሁ መዝኑ። 12 ግራም ከሆነ 100 ግራሙ 167 ሜትር ገደማ ነው። ለአዋቂ ሰው መካከለኛ ሹራብ በዚህ ውፍረት 1,100 ሜትር ብትይዙ 660 ግራም ያስፈልጋችኋል። ተመሳሳይ ውፍረት ያለው አክሪሊክ ቀለል ስለሚል በግራም ያንሳል። ለዚህ ነው የሁለቱን ዋጋ በኪሎ ማወዳደር የሚያሳስተው፤ በሜትር አወዳድሩ።

ኪሎው ራሱም ይዋሻል። ሱፍ እርጥበት ሲጠጣ ከክብደቱ ሲሶ እስኪደርስ ድረስ በእጅ ሲነካ እርጥብ አይመስልም፤ ሐምሌ ላይ የተመዘነ ክር ጥር ላይ ከተመዘነው ይከብዳል። በላዩ ላይ የበጉ ቅባትና አቧራ አለ። በርከት አድርጎ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ 100 ግራም ወስዶ ለብ ባለ ውኃና በልዝብ ሳሙና አጥቦ፣ ጥላ ላይ አድርቆ ይመዝን። 80 ግራም ሆኖ ከተመለሰ እውነተኛው ዋጋ ከተባለው በሩብ ይበልጣል ማለት ነው። በጣት ሲነካ የሚያጣብቅ ክር ገና ቅባቱ አልወጣም፤ ቀለምም እኩል አይዝም። ቀለል ያለ የበግ ሽታ ችግር የለውም፣ የሻጋታ ሽታ ግን ጠጉሩ እርጥብ ሆኖ ተከምሮ መክረሙን ይናገራል።

ቀለሙ፦ ተፈጥሯዊ፣ በዕፅዋት የተነከረ፣ በኬሚካል የተነከረ

በጎቹ ራሳቸው ጥቁር፣ ቡናማ፣ ነጭና ዥጉርጉር ናቸው። ያልተነከረ ክር ርካሽ ነው፣ ሲታጠብ አይለቅም፣ ማንም አያጭበረብርበትም። አንድ ጉድለት አለው፦ ጥቁሩ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ወደ ቡናማ ይቀላል። በተለይ መስኮት አጠገብ ለሚነጠፍ ምንጣፍ ይህን አስቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለናል።

የዕፅዋት ቀለም ጥሩ የሚሆነው ሱፉ አስቀድሞ በሸብ ሲቀቀል ነው። ልኩ ለ100 ግራም ደረቅ ሱፍ ከ10 እስከ 15 ግራም ሸብ ነው። ሸቡ ካነሰ ቀለሙ ይለቃል፣ ከበዛ ሱፉ ያጣብቃል። ከዚያ በኋላ የሱፉን ክብደት ያህል የደረቀ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ተቀቅሎ፣ ተጠልሎ፣ ሱፉ አንድ ሰዓት ያህል ሳይንተከተክ ቢበስልበት ወርቃማ እስከ ብርቱካናማ ቡናማ ይወጣል። ሻጩን «ሸብ ስንት ግራም ገባ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ትንሽ ጣል አድርጌበታለሁ» ካለ የሚቀጥለው ዙር ተመሳሳይ ቀለም አይወጣም ማለት ነው።

የእርድ ቢጫ ሲያዩት ያምራል፣ ፀሐይ ግን በሳምንታት ውስጥ ያጠፋዋል። ለመለየት ቀላል ነው፦ የክሩን ጫፍ በሳሙና ውኃ ንኩት። ወደ ቀይ ቡናማ ከተለወጠ እርድ ነው። ከጥቁሮቹ ደግሞ በብረትና በቅርፊት የጠቆረውን ጠንቀቅ በሉ፤ ብረቱ ከበዛ ጠጉሩ ይደርቅና ዓመታት ሲያልፉ ይሰባበራል። በጣት ሲታሽ ቅርክር የሚል ክር እንዲህ ያለው ነው።

በኬሚካል የተነከረው እንደ ቀለሙ ዓይነት ይለያያል። ለሱፍ የተሠራው አሲድ ቀለም የሚባለው ነው፤ በኮምጣጤና በሙቀት ይያያዛል፣ ሲታጠብም ይጸናል። ለአለላ ማቅለሚያ የሚሸጠው ዱቄት ግን ሌላ ነው። አለላ አይታጠብምና ማንም በውኃ አልፈተነውም፤ ሱፍ ላይ ሲገባ ደማቅ ሐምራዊው በመጀመሪያው እጥበት ውኃውን ሁሉ ያቀላዋል።

ትክክለኛው ቀለም ተይዞም ቢሆን አቀቃቀሉ ያበላሸዋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። «ከፈላ በቃው» ብሎ በግማሽ ሰዓት ያወጣ ሰው ቀለሙን ሳያስይዝ ያወጣዋል፤ እዚያ ከፍታ ላይ ጊዜው መርዘም አለበት። ምልክቱ ድስቱ ውስጥ ነው፦ ውኃው ጠርቶ ከቀረ ቀለሙ ሱፉ ውስጥ ገብቷል፣ እንደ ወይን ጠጅ ከቀላ ገና ነው። ከትኩሱ አውጥቶ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የከተተው ደግሞ ክሮቹ እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ አንድ ወፍራም ጨርቅ ይሆኑበታል። ሱቅ ውስጥ ይህን ለማወቅ ከቱባው ሁለት ጎረቤት ክሮች ለያዩ፤ እንደ ሸረሪት ድር ተያይዘው የሚቀሩ ከሆነ ተዉት።

የትኛውም ቀለም ቢሆን እርጥብ ነጭ ጨርቅ ይዛችሁ ክሩን አሥር ጊዜ እሹት። ደብዘዝ ያለ ጥላ ያልታጠበ ትርፍ ቀለም ሊሆን ይችላል፣ አንዴ ታጥቦ ይለቃል። ጨርቁ ክሩን መስሎ ከወጣ ግን ከነጭ ጋር አትሽመኑት። ለፀሐይ፣ ግማሹን በካርቶን ሸፍናችሁ መስኮት ላይ ሁለት ሳምንት አስቀምጡ። በእጅ የተነከረ ክር ከድስት ድስት ስለሚለያይ ለአንድ ሥራ የሚበቃችሁን በአንዴ ግዙ፤ ከሁለት ድስት ከሆነ ሁለት ሁለት ረድፍ እያፈራረቃችሁ ሥሩ፣ ልዩነቱ አይታይም።

ንጹህ ሱፍ ነው ወይስ ድብልቅ?

እሳት ፈጥኖ ይናገራል። ሱፍ በጠጉር ሽታ ይጨሳል፣ ነበልባሉ ሲነሣበት ራሱ ይጠፋል፣ ዓመዱ በጣት ይደቅቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ ልስልስ ዓመድ ይተዋል። አክሪሊክ ጥቁር ጭስ እያወጣ ይቀልጥና ጠጣር ዶቃ ይሆናል። ድብልቅ ላይ ግን እሳቱ ግራ ያጋባል፤ እዚያ በረኪና ይሻላል። 3 ሴንቲ ሜትር ክር በብርጭቆ በረኪና ውስጥ ክተቱና ያድር። ሱፉ ሟሙቶ ይጠፋል፤ ጠዋት ታች ላይ የተረፈው ክር ጥጥ ወይም አክሪሊክ ነው። ኮምጣጤ አትጨምሩበት፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። በረኪና ሱፍን እንዲህ ከበላ፣ የሱፍ ምንጣፍ በበረኪና የማይታጠበውም ለዚህ ነው።

የገዛችሁትን ቤት ስታስገቡ ከሌላው ሱፍ ጋር ወዲያው አትደርድሩት፤ የብል እንቁላል አብሮ ሊመጣ ይችላል። በላስቲክ ጠቅልላችሁ በረዶ በሚሠራው ማቀዝቀዣ (ፍሪዘር) ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ፍሪዘር ከሌለ ፀሐይ ላይ ዘርግታችሁ በደንብ አራግፉና አፉ በሚገጥም ላስቲክ ውስጥ አስቀምጡ፣ በየወሩም ክፈቱና እዩት።